አንድ ት/ቤት በምን ያስተምራል? ስለ ችግኝ፣ ስለ ጣሪያ ውሃና ስለ ዘላቂነት

ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር ማኅበራችን ከአባላቱ ገንዘብ አዋጥቶ፣ አገር ቤት ለሚገኝ አንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ት/ቤት የአራት መቶ ችግኝ መግዣ እንደላከ የዚህ መጽሔት አንባብያን ያስታውሳሉ። ችግኙ በሐምሌ ተተከለ። የተተከለበት ዕለት ፎቶግራፍም ደረሰን፤ ልጆቹ አካፋና ዶማ ይዘው፣ አንዳንዱም ችግኙን እንደ ሕፃን ታቅፎ የተነሱት ነው። እኛም ደስ ብሎን በማኅበሩ ጽ/ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፍነው፤ በዓመታዊ የሥራ ዘገባችን ላይም «400 ችግኝ አስተክለናል» ብለን በትልቁ ጻፍን። ዘንድሮ በጥር ወር ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ አገር ቤት ገብቶ የነበረ አንድ አባላችን እግረ መንገዱን ወደ ት/ቤቱ ጎራ ብሎ ችግኙን አንድ በአንድ ቆጠረ። ቆሞ ያገኘው ሠላሳ አንድ ነው።

የት/ቤቱን ስም እዚህ አንጠቅስም። ጥፋቱን ፍለጋ ስንሄድ የደረስንበት ቦታ የራሳችን ደጅ ስለሆነ የሌላውን ስም ማንሳቱ ተገቢ አይሆንም። አባላችን የት/ቤቱን ዘበኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባት፣ «አባባ፣ ምን ሆኖ ነው የደረቀው?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ክረምቱ ሲወጣ ማን ያጠጣው ልጄ? ቦኖው እንኳን ለዛፉ ለተማሪውም አይበቃ። የቀረውን ደግሞ ፍየል ጨረሰው» ብለው መለሱለት። ይህ መልስ በጥናት ክበባችን ሦስት ምሽት አከራከረን። አንዳንዶቻችን «መምህራኑ ናቸው ቸል ያሉት» ስንል፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ «ገንዘቡን ከመላካችን በፊት ውሃ አለ ወይ? አጥር አለ ወይ? ብለን የጠየቅን ማን ነን?» አልን። የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ውጤት ነው።

ለመሆኑ ዘላቂነት ሲባል ምን ማለት ነው? ቃሉ በየስብሰባው ከመደጋገሙ የተነሳ ጣዕሙን አጥቷል። በኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር በግሮ ሃርሌም ብሩንትላንድ ሰብሳቢነት የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ዘገባ የሰጠው ትርጉም በአጭሩ፣ የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የሚቀጥለው ትውልድ የራሱን ፍላጎት የማሟላት ዐቅሙን ሳያሳጣው መሆን አለበት የሚል ነው። ይህን ለኢትዮጵያ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። በክፉ ቀን እንኳ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ላለመንካት የሚታገል፣ የነካ ዕለትም የሚመጣው ዓመት ምን ይዞበት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ነው። የቸገረው ነገር ይህንኑ ዕውቀት ከት/ቤቱ ግቢ ማስገባቱ ላይ ነው።

የወረቀት እጥረት ግን ከቶ የለም። እ.ኤ.አ. በ1972 በስቶክሆልም ስለ ሰው ልጅ አካባቢ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። በ1977 ዩኔስኮ ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ጋር ሆኖ በትብሊሲ ከተማ ባደረገው ጉባኤ፣ የአካባቢ ትምህርት ለብቻው ታጥሮ የሚሰጥ አንድ ትምህርት ሳይሆን በሁሉም የትምህርት ዓይነቶች ውስጥ የሚገባና ከኅብረተሰቡ እውነተኛ ችግር ጋር የተያያዘ መሆን እንዳለበት ተስማሙ። በ1992 በሪዮ የወጣው አጀንዳ 21 አንድ ሙሉ ምዕራፍ፣ 36ኛውን፣ ለትምህርት ሰጠ። ከ2005 እስከ 2014 ያለው ጊዜ «ለዘላቂ ልማት የትምህርት ዐሥርተ ዓመት» ተብሎ ተሰየመ። በ2015 የጸደቁት የልማት ግቦችም በቁጥር 4.7 ይህንኑ ደግመው አስፍረዋል፤ በ2021 በበርሊን የተደረገው የዩኔስኮ ጉባኤም እንዲሁ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኛን ይበልጥ የሚነካን የትብሊሲው ሐሳብ ነው፤ ምክንያቱም ነገሩን ከክፍል አውጥቶ ወደ ግቢው፣ ከግቢውም አሻግሮ ወደ ሰፈሩ ይወስደዋልና።

አንድ ት/ቤት የሚያስተምረው በሦስት አፍ ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ነው። ሁለተኛው ግቢው ራሱ ነው፤ ውሃው፣ ሽንት ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ቆሻሻ የሚጣልበት ጉድጓድ። ሦስተኛው ት/ቤቱ ከሰፈሩ ሕዝብ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ሦስቱ አንድ ቃል ሲናገሩ ልጁ ይማራል፤ ሲቃረኑ ግን ልጁ የሚያምነው ዓይኑ ያየውን ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን በስድስተኛ ክፍል ሳለን ስለ አፈር መሸርሸር ተምረናል፤ የእርከን ሥዕል በደብተራችን ላይ ስለናል፤ በፈተናም አግኝተነዋል። በዚያው ሰዓት ግን አሸንዳ ከሌለው የክፍላችን ቆርቆሮ የሚወርደው ዝናብ ከግድግዳው ሥር ጀምሮ እስከ ኳስ ሜዳው ድረስ ቦረቦር ይቆፍር ነበር። ኳሳችን እዚያ ቦረቦር ውስጥ ሲገባ ገብተን አውጥተናል። መምህራችንም፣ እኛም፣ ርዕሰ መምህሩም ያ ቦረቦር ከደብተራችን ሥዕል ጋር ዝምድና አለው ብለን አንድ ቀን አላሰብንም።

እዚህ ላይ ሌላው ዓለም የሞከረውን ማየቱ ይጠቅማል። ከሪዮ ጉባኤ በኋላ በኤውሮፓ የተነሳ «ኢኮ ስኩልስ» የሚባል ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 በዴንማርክ፣ በጀርመን፣ በግሪክና በብሪታንያ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ አገሮች፣ በዚህ በምንማርበት ክፍለ ዓለምም በዮርዳኖስና በተባበሩት የዓረብ ኤሚሬቶች ጭምር ይሠራበታል። አካሄዱ ሰባት ደረጃ አለው። አብዛኞቹ አባላቱ ተማሪዎች የሆኑበት ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴው የግቢውን ሁኔታ ይመረምራል፤ ከምርመራው ተነስቶ ዕቅድ ያወጣል፤ የተሠራውን ይቆጣጠራል፤ ከመደበኛው ትምህርት ጋር ያገናኘዋል፤ ወላጆችንና ሰፈሩን ያሳትፋል፤ በመጨረሻም ት/ቤቱ የሚመራበትን የራሱን ቃል ኪዳን ይጽፋል። ይህን ያሟላ ት/ቤት አረንጓዴ ባንዲራ ይሰጠዋል።

ከሰባቱ ውስጥ ዋጋ ያለው ሁለተኛው ነው ብለን እናምናለን። ከዕቅድ በፊት ምርመራ! እኛ ያደረግነው ተቃራኒውን ነው። ዕቅዱን በዚህ በሞቃቱ አገር ተቀምጠን አወጣን፤ ምርመራው የተደረገው ችግኙ ከደረቀ በኋላ ነው። ስለ ባንዲራው ደግሞ ጥርጣሬ አለን። ሽልማት ያለበት ቦታ ሁሉ ለሽልማቱ ሲባል የሚሠራ ሥራ አይጠፋም። በጽ/ቤታችን ግድግዳ ላይ የለጠፍነው ፎቶግራፍ የእኛ አረንጓዴ ባንዲራ ነበር።

የመትከልንና የመጽደቅን ልዩነት በሚገባ የተረዱት ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 የጀመሩት የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄ ለገጠር ሴቶች ትንሽ ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ ይህንንም የሚከፍለው ለተተከለው ሳይሆን ተተክሎ ለተረፈው ችግኝ ነው። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት እኚህ ሴት የያዙት ሂሳብ ቀላል ቢመስልም ብዙ መንግሥታት ያልያዙት ሂሳብ ነው። በአገራችንም የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በተጀመረበት ዓመት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ያን ዕለት ት/ቤቶች በሙሉ ኃይላቸው ተሰልፈዋል። ዘመቻውን የምናጣጥል አይደለንም፤ ነገር ግን አማርኛችን ለተረፈ ችግኝ «ጸደቀ» የሚል ቃል አስቀምጦልን እያለ በየዘገባው የምናነበው «ተተከለ» የሚለውን ብቻ መሆኑ ያሳስበናል። አንድ ት/ቤት በመግቢያው በር ላይ በየዓመቱ በጥር «ይህን ያህል ጸድቋል» የሚል ሰሌዳ ቢሰቅል፣ ቁጥሩ ትንሽ እንኳ ቢሆን ልጆቹ ከእሱ ብዙ ይማራሉ።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ፤ ለዘበኛው ጥያቄ መልስ ያለው እዚያ ነውና። ከአባላቶቻችን መካከል ሲቪል ምህንድስና የሚያጠኑት በሁለተኛው ምሽት ሰሌዳው ላይ የሠሩልንን ሂሳብ እንዳለ እናቀርባለን። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ርዝመቱ 40 ሜትር፣ ስፋቱ 8 ሜትር የሆነ አንድ የመማሪያ ሕንጻ ጣሪያው 320 ካሬ ሜትር ነው። ቦታው በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል እንበል፤ ይህም ለብዙው ደጋችንና ወይና ደጋችን የተጋነነ ቁጥር አይደለም። ታዲያ በዚያ አንድ ጣሪያ ላይ በዓመት 288,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። አንድ አምስተኛው በመንጠባጠብ፣ በመትነንና በመፍሰስ ቢባክን 230,400 ሊትር ይቀራል። 600 ተማሪ ያለው ት/ቤት ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን ሁለት ሊትር የእጅ መታጠቢያ ቢመድብ በቀን 1,200 ሊትር ይፈልጋል፤ ያ ውሃ ለ192 ቀን ይበቃዋል ማለት ነው። ይህ እንግዲህ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ያህል ነው! ከአንድ ሕንጻ ብቻ!

ይህ ሂሳብ በተነገረን ጊዜ አዳራሹ በጭብጨባ ሞላ። ቀጥሎ የመጣው ግን ጭብጨባውን አቀዘቀዘው። ዝናባችን አብዛኛው የሚወርደው በሰኔ መጨረሻ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያኔ ደግሞ ት/ቤቱ ዝግ ነው። ውሃው ሲመጣ ተማሪው የለም፤ ተማሪው ሲመጣ ውሃው የለም። ስለሆነም ችግሩ ማጠራቀሚያው ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ሮቶ ለ600 ተማሪ የስምንት ቀን የእጅ መታጠቢያ ብቻ ነው። 50,000 ሊትር የሚይዝ የሲሚንቶ ገንዳ ደግሞ አርባ አንድ ቀን ያስኬዳል፤ ይህንን ለመሥራት የሚጠይቀው ገንዘብ ግን ከእኛ መዋጮ በላይ ነው።

ለችግኙስ? አንድ ችግኝ በበጋው በሳምንት አምስት ሊትር ቢሰጠው፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ሠላሳ ያህል ሳምንታት 150 ሊትር ይጠጣል። የበልግ ዝናብ ቢጥል ይቀንሳል፤ ሆኖም በተስፋ ላይ ሂሳብ አይሠራም። አራት መቶ ችግኝ 60,000 ሊትር ይፈልጋል። አንድ መቶ ችግኝ ግን 15,000 ሊትር ይበቃዋል፤ ይህም ማለት አሸንዳና ሁለት ሮቶ፣ አንዱ ባለ 10,000 ሌላው ባለ 5,000። እነዚህ በመስከረም ሞልተው ከቆዩ አንድ መቶ ዛፍ ያሳድጋሉ። እንግዲህ ዓምና መላክ የነበረብን ለአንድ መቶ ችግኝ፣ ለአሸንዳና ለሮቶ ነበር። ሌላም ብልሃት አለ፤ ያልተቀባ የሸክላ ገንቦ ከችግኙ ጎን እስከ አንገቱ ተቀብሮ ውሃ ቢሞላና ቢከደን፣ ውሃው በሸክላው ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይሰርጋል፤ ከላይ ከማፍሰስ ይልቅ እጅግ ይቆጥባል። በሰፈሩ ሸክላ ሠሪ ካለ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ መግባት አለበት። ከቆርቆሮ የሚወርድ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚመጣ ተለይቶ መፍሰስ ይኖርበታል፤ የተጠራቀመውም ሳይጣራና ሳይታከም ለመጠጥ አይሰጥም። ለእጅ፣ ለሽንት ቤትና ለችግኝ ግን ይሆናል። እኅቶቻችን በክርክሩ ላይ ያነሱት ነጥብም አለ፤ እኛ ወንዶቹ ስለ ዛፍ ሁለት ሰዓት ስናወራ ስለ ሽንት ቤቱ አንድም ቃል አልተናገርንም ነበር። ውሃ በሌለው ት/ቤት ለአካለ መጠን የደረሰች ልጅ በየወሩ ጥቂት ቀን ትቀራለች፤ የቀረችበት ቀን ሲደማመር ደግሞ ፈተና ይጥላታል። እነሱ ራሳቸው ያለፉበት ነውና አልተከራከርናቸውም። ገንዳው ሲሞላ የመጀመሪያው ቧንቧ የት መሄድ እንዳለበት በዚያ ተወሰነ።

ይህ ሁሉ ታዲያ ከትምህርቱ ጋር ምን አገናኘው? ከላይ የሠራነው ሂሳብ ራሱ ትምህርት ነው። አራተኛ ክፍል ጣሪያውን በሜትር መለካት ይችላል። ስድስተኛ ክፍል ስፋትንና ይዘትን ያሰላል። በቆርቆሮ ጣሳና በማስመሪያ የዝናብ መለኪያ ሠርቶ በየቀኑ መመዝገብ ለሰባተኛ ክፍል የጂኦግራፊ ትምህርት ነው። የአማርኛ መምህሩ ደግሞ «ስለ እናት ፍቅር» ድርሰት ከማስጻፍ ጎን ለቀበሌው ስለ አሸንዳ የሚጻፍ ማመልከቻ ቢያስጽፍ፣ ልጆቹ የማመልከቻ አጻጻፍን በእውነተኛ ጉዳይ ይማሩታል፤ ምናልባትም መልስ ይመጣላቸዋል። «የዘላቂነት ትምህርት» የሚባል አዲስ የትምህርት ዓይነት ይጨመር የሚሉትን የማንደግፈው ለዚህ ነው። መምህሩ አሁንም ከዐቅሙ በላይ ተሸክሟል። በአገር አቀፍ ፈተና የማይጠየቅ ትምህርት ደግሞ የት እንደሚወድቅ የሙዚቃና የሥዕል መምህራን ይነግሩናል።

በየት/ቤቱ ያሉት የአካባቢ ጥበቃ ክበባትም ቢሆኑ መልካም ሥራ ቢሠሩም አንድ ደካማ ጎን አላቸው። ሃያ ልጆች ክበቡ ውስጥ ሲገቡ የቀሩት ስድስት መቶ «ችግኝ የእነሱ ነው» ብለው ያልፋሉ። ከክበብ ይልቅ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ዐሥር ዛፍ ይዞ ከአንደኛ ክፍል እስከ ስምንተኛ ድረስ አብሮት ቢያድግ ይሻላል እንላለን። ያን ጊዜ ልጁ ሲጨርስ ዛፉ ከእሱ ይበልጣል።

ሥራና ትምህርትን ማያያዝ ግን አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁልየስ ኔሬሬ «ትምህርት ራስን ለመቻል» የሚለውን ጽሑፋቸውን አውጥተው ት/ቤቶች የራሳቸው እርሻ እንዲኖራቸው፣ ተማሪውም እያረሰ እንዲማር ጠየቁ። (እኛ ዘንድ በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ማሰማራቱ የቁጥር መገጣጠም ነው፤ በመካከሉ የሰባት ዓመት ልዩነት አለ።) የኔሬሬ ሐሳብ ትልቅ ነበር፤ ሆኖም እርሻው ትምህርት መሆኑ ቀርቶ ተራ ጉልበት የሆነበት ቦታ ሁሉ ልጁ ከእርሻው ጋር ይጣላል። በራሳችንም የደረሰ ነው። «ቅጣት» ሲባል የተላክነው ወዴት ነበር? አትክልት ቦታ ለመኮትኮት! ልጁን በጥፋቱ ወደ አትክልት ቦታ የሚልክ ት/ቤት፣ አፈር የጥፋተኛ ቦታ እንደሆነ እያስተማረው ነው። ለመለየት የሚረዳን ጥያቄ አንድ ነው፤ ያመረቱትን ጎመን ማን በላው? ልጆቹ ከሆኑ፣ ሲኮተኩቱም ለምን እንደሚኮተኩቱ ከተነገራቸው፣ ትምህርት ነው።

ወጥ ቤቱን በተመለከተ ባጭሩ እናልፋለን። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባና በሌሎችም ቦታዎች የተማሪዎች ምገባ መስፋፋቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ልጅ በባዶ ሆዱ አይማርም። ነገር ግን ምግቡ በሦስት ጉልቻ ላይ በማገዶ የሚሠራ ከሆነ፣ በሐምሌ የተተከለው ዛፍ ወንድሞች በጥቅምት ይነድዳሉ። በየቤታችን ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚወስደው እንጀራ መጋገሩ ነው። ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ከጉልቻው ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ድረስ ማገዶ ይቆጥባል፤ ጭሱም ለምግብ አብሳይዋ ዓይን ይቀንሳል። ኩበቱ ደግሞ ሲነድ ማሳው ምግቡን ያጣል። የወጥ ቤቱ ልጣጭና አመድ፣ የግቢው ቅጠልና ሣር በጉድጓድ ተደራርቦ እየተገለበጠ ኮምፖስት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በትግራይ የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከገበሬዎችና ከግብርና ባለሙያዎች ጋር ባካሄደው ሥራ፣ ኮምፖስት የተደረገበት ማሳ ኬሚካል ማዳበሪያ ከተደረገበት የማያንስ፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት መስጠቱ ታይቷል። የዚህ ሐሳብ ዋና አራማጅ የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሰጣቸውና በ2023 ያረፉት ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው።

ከሰፈሩ ጋር ያለው ግንኙነት ላይ ግን ረጋ ብለን ማየት ይኖርብናል፤ የፍየሉ ጉዳይ እዚህ ነውና። ፍየሉ የማን ነው? የተማሪው ወላጅ ነው። ጠባቂውም ብዙ ጊዜ ተማሪው ራሱ ወይም ታናሽ ወንድሙ ነው። የት/ቤቱ ግቢ ከመከለሉ በፊት የሰፈሩ ግጦሽ ከነበረ፣ ባለ ፍየሉን «አላዋቂ» ማለት ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት ስብሰባ ገንዘብ ለመለመን ብቻ የሚጠራ ከሆነ ወላጁ ይሸሻል። ከግቢው የሚታጨደው ሣር በበጋ ለከብቱ እንደሚሰጠው ከተስማሙ ግን አጥሩን የሚጠብቀው ወላጁ ራሱ ይሆናል።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በደቡብ ጎንደር ሜዳው ሁሉ ማሳ ሆኖ ሳለ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ዋንዛው ቆሞ ይታያል። ደኑ የተረፈው ሕዝቡ የእኔ ነው ስላለው ነው። ከብት እየገባ ቡቃያውን መብላቱ ሲያሰጋ ደግሞ በአንዳንዶቹ አድባራት ካህናቱ፣ ገበሬዎቹና ተመራማሪዎች ተባብረው በድንጋይ ካብ አጥረዋቸዋል፤ ድንጋዩ ከማሳ የተለቀመ በመሆኑ ገበሬው በአንድ ሥራ ሁለት ጥቅም አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከንም ከአያት ወደ ልጅ የተላለፈ ትምህርት ነው። መልካ ኢትዮጵያ የሚባለው ማኅበር ተማሪዎችን ከአካባቢያቸው ሽማግሌዎች ጋር ወደ ደን እየወሰደ የዛፉን ስምና ጥቅም እንዲማሩ የሚያደርገው ይህንኑ መስመር ለመቀጠል ነው። የሰፈሩን ዛፎች ስም ዘርዝሮ የሚያውቅ አያት ባለበት፣ ልጁ ከመጽሐፍ የአውስትራሊያን ባሕር ዛፍ ብቻ አውቆ ሲያድግ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ባሕር ዛፉንም ቢሆን አናወግዝም፤ በምኒልክ ዘመን ከመጣ ወዲህ ስንቱን ቤት አቁሟል፤ ስንቱን ተማሪ ደብተር ገዝቶለታል። ከምንጭ አጠገብና ከአትክልት ቦታ ግን ይራቅ።

«እዚያ ያለውን ከመተቸት እዚህ ያለውን አሳዩን» የሚል ጥያቄ ከአንባቢ እንደሚመጣ እናውቃለን። ትክክል ነው። በምንኖርበት ዶርሚተሪ የአየሩ እርጥበት ብዙ ስለሆነ ከየኤርኮንዲሽኑ ቱቦ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ይንጠባጠባል። ከሦስተኛው ምሽት በኋላ ሁለት አባሎቻችን ባልዲ ደቅነው ቢያዩ ሲነጋ ከግማሽ በላይ ሞልቷል። አሁን በመግቢያው በኩል ያሉትን አበቦች የሚያጠጣው ያ ውሃ ነው፤ የግቢው አትክልተኛም መጀመሪያ ሳቀብን፣ ኋላ ግን ራሱ ሦስት ባልዲ አመጣ። በሌላ በኩል ዐርብ ዐርብ ከምንሰበሰብበት ምሳ የሚጣለው እንጀራና ዳቦ ብዛት አሳፋሪ ነው፤ ለዚህ እስካሁን መፍትሔ አላገኘንም።

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን የሚከተለው ተወስኗል። የዘንድሮው መዋጮ ለችግኝ አይውልም። ለአሸንዳ፣ ለሁለት ሮቶና ለአጥር ይሆናል። ለሕይወት አጥር ቅንጭብ ይተከል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ወተቱ የልጆችን ዓይን ስለሚጎዳ በአጋም ተተክቷል፤ እሾሁ ፍየል ይመልሳል፣ ፍሬውንም ልጆች ይበሉታል። ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ግን የት/ቤቱ ርዕሰ መምህርና የወላጆች ተወካዮች ይህን ይፈልጉ እንደሆነ በደብዳቤ ተጠይቀዋል። መልሳቸው ገና አልደረሰንም፤ «ከሮቶ በፊት የሴቶች ሽንት ቤት ይሠራልን» ካሉም በዚያው እንሄዳለን። ግድግዳችን ላይ ያለው ፎቶግራፍ አልወረደም፤ ከሥሩ በእጅ ጽሕፈት «ጥር፦ 31» የሚል ተጨምሮበታል።

በመጪው ክረምት ወደ አገር ቤት የምትገቡ አባላት፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታችሁን የተማራችሁበትን ት/ቤት እንድትጎበኙና የሚከተሉትን መዝግባችሁ እንድታመጡ ትለመናላችሁ። የየሕንጻው ጣሪያ ርዝመትና ስፋት በሜትር፤ አሸንዳ ያለውና የሌለው፤ ውሃ ከየት እንደሚመጣና በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፤ የተማሪው ብዛት፣ ሴትና ወንድ ተለይቶ፤ ወጥ ቤት ካለ በምን እንደሚነድ፤ ዓምና የተተከለና ዘንድሮ በሕይወት ያለ ዛፍ ቁጥር። ሜትር የሌላችሁ ከጽ/ቤቱ መዋስ ትችላላችሁ፤ ሁለት አሉን፤ አንዱ ከሦስት ሜትር በላይ አይዘረጋም።